ከጎሬ እስከ ባሮ፦ በቅብብል የሚወረድ መንገድ

ካርታ ካለዎት ይዘርጉትና ጣትዎን ጎሬ ላይ ያሳርፉ። ኢሉባቦር ውስጥ ናት፤ ከመቱ አለፍ ብሎ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ካለበት፣ ዝናቡ ከበረታበት አገር። አሁን ጣትዎን ቀስ አድርገው ወደ ምዕራብ ይግፉት። ቡሬን ያልፋሉ (የጎጃሟን ቡሬ ማለቴ አይደለም)። ከዚያ መንገዱ ከደጋው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ተጠማዞ፣ ቆላውን አቋርጦ ባሮ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ጋምቤላ ከተማ ገቡ። ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። ዐሥር ሰዎች ይሰብስቡ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ አብሮ አደጎች ወይም የአንድ ቤተሰብ ልጆችና አጎቶች። አትሌት መሆን የለባቸውም፤ ቅዳሜ ማለዳ የመስቀል አደባባይን ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ በታላቁ ሩጫ ቲሸርቱን ለብሰው የሚጨርሱ ሰዎች ይሁኑ። 150 ኪሎ ሜትሩን ለዐሥር ሲያካፍሉት ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ቢሮጡት ጠቅላላው 15 ሰዓት ይፈጃል። ከጎሬ ከቀኑ 10 ሰዓት የተነሣ ቡድን ጋምቤላ የሚገባው በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በደጋ ብርድ ጀምሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ፣ ፀሐይ ባሮ ላይ ስትወጣ ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት ሩጫ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1982 በስምንት ቡድኖች ብቻ የተጀመረው «ሁድ ቱ ኮስት» ዛሬ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ሯጮቹ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የሁድ ተራራ ወገብ ተነሥተው 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ይጨርሳሉ። በአንድ ቡድን 12 ሰዎች አሉ፤ መንገዱ 36 ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ይሮጣል። ሁለት መኪና ይከተላቸዋል። ስድስቱ በየተራ ሲሮጡ ሌሎቹ ስድስት ወደፊት ቀድመው ሄደው ይበላሉ፣ ሜዳ ላይ በመኝታ ከረጢት ውስጥ ሆነው ትንሽ ያሸልባሉ። ሌሊት የሚሮጥ ሰው ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ነው። አብዛኛው ተሳታፊ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ያለ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የልጆች እናት ነው።

ጃፓኖች ደግሞ «ኤኪደን» ይሉታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1917 ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ ለሦስት ቀን፣ ቀንና ሌሊት የተሮጠ የ508 ኪሎ ሜትር ቅብብል ነበር። ዱላ አይያዙም፤ በትከሻ ላይ በሰያፍ የሚታሰር የጨርቅ ጥብጣብ ይቀባበላሉ። ስሙን የወሰዱት ከጥንቱ የመልእክተኞች ሥርዓት ነው። በየመንገዱ ጣቢያ ነበር፤ መልእክት የያዘው ሰው ጣቢያው ሲደርስ ሌላ ፈረስ ወይም ሌላ ሰው ተቀብሎት ይቀጥላል። ስለዚህ ስፖርቱ ከመፈጠሩ በፊት ሥራው ነበር።

ከጎሬ እስከ ጋምቤላ ያለውም መንገድ እንዲሁ ነው። የማወጋዎት ስለ አንድ ስለተዘጋጀ ውድድር አይደለም። መንገዱ ራሱ፣ ሜዳሊያና ቲሸርት ሳይኖር፣ ለብዙ ዓመታት የቅብብል መንገድ ስለነበረ ነው።

ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህን መንገድ ዛሬ ሌሊት ሩጡት አልልም። ጠመዝማዛ ነው፣ ጨለማ ነው፣ የጭነት መኪና ይመላለስበታል፤ ክልሉም የጸጥታ ችግር የሚያጋጥመው ስለሆነ ቀን ለመሄድም ቢሆን አስቀድሞ ሁኔታውን መጠየቅ ግድ ነው። ሌሊቱን በሐሳብ እንሮጠዋለን። ቀኑን በመኪና ይወርዱታል።

የመጀመሪያው ሯጭ ዕድለኛ ነው። ጎሬ ቀዝቃዛ ናት፤ አመሻሽ ላይ ትከሻዎ ላይ ጋቢ ይፈልጋሉ። ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ትምሰል እንጂ በዘመኗ ትልቅ ስም ነበራት። የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። የግሪክና የሌሎች አገሮች ነጋዴዎች መጋዘን ከፍተውባታል፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ በራስ እምሩ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫውን ያደረገው እዚህ ነው። በምዕራብ ጫፍ ያለች ይህች ከተማ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት የተጠጋባት ቦታ ነበረች ማለት ነው። ለልጆችዎ ይህን መንገር ከፈለጉ መኪናውን አቁመው ይንገሯቸው፤ መንገድ ላይ ሲሆኑ መስኮት እንጂ አባት አይሰሙም።

ጎሬን ትልቅ ያደረጋት ቡና ነው። በዚያ ዘመን የኢሉባቦርንና የአካባቢውን ቡና በበቅሎ አዲስ አበባ ማድረስ ሳምንታት የሚወስድ አድካሚ ጉዞ ነበር። ወደ ምዕራብ ግን፣ ደጋውን ወርደው ባሮ ላይ ከደረሱ፣ ውኃው ራሱ ይሸከመዋል። ባሮ ወደ ሶባት፣ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፤ ነጭ ዓባይ ማላካልንና ኮስቲን አልፎ ካርቱም ያደርሳል። በኢትዮጵያ ወንዞች መካከል ትልቅ መርከብ ለንግድ የተመላለሰበት ባሮ ነው።

እናም ቡናው ቁልቁል ወረደ፤ በበቅሎ ጀርባ፣ በሰው ትከሻና ራስ ላይ። ሲመለሱ ደግሞ ጨውና ጨርቅ ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። እኛ በ15 ሰዓት እንሮጠዋለን ያልነውን መንገድ የጭነት ቅፍለት በቀናት ነበር የሚጨርሰው።

ሦስተኛውና አራተኛው ሯጭ ቡሬን አልፈው ወደ ቁልቁለቱ ይገባሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው «ቁልቁለት ቀላል ነው» ብሎ ነው። ሩጫ የሚያውቁ ሰዎች ግን ከዳገት ይልቅ ረጅም ቁልቁለትን ይፈራሉ። ዳገት ትንፋሽ ይወስዳል፤ ቁልቁለት ጭንን ይሰብራል። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነትን የሚገታው የፊት ጭን ጡንቻ ነው፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ሰው ዳገት የወጣው ሳይሆን ቁልቁል የሮጠው ነው። የጫነች በቅሎ የሚነዳ ሰውም ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ይጀምራል። በየኪሎ ሜትሩ ጃኬት ይወልቃል። ዛፉ ይለወጣል፤ የደጋው ደን ይሳሳና ረጃጅም ሣር ይመጣል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ ኦክስጅን ይጨምራልና ሳንባዎ የሰፋ ይመስልዎታል። የደጋ ሰው እዚህ ላይ ይኮራል፤ «ለካ እኔ ሯጭ ነኝ» ይላል። ኩራቱ ግን ሙቀቱ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል፤ በአንድ ሌሊት የወረደ ሰው ይህን ጊዜ አላገኘም። ልቡ ደሙን ለእግሩና ለቆዳው ማካፈል አለበት፤ ላብ ለማውጣት የሚሄደው ደም ከሩጫው ላይ ይቀነሳል። ከፍታው የሰጠውን ሙቀቱ ይወስድበታል።

በቅሎዎቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ቆላው የቆላ ዝንብ አገር ነው፤ ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የጋማ ከብትንም ቀንድ ከብትንም ይጨርሳል። ለሰው ደግሞ ወባ አለ። ስለዚህ የደጋ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ቶሎ ወደ ብርዱ መመለስን ይመርጣል። ለቆላው የተፈጠረ ሌላ ሰው፣ ሌላ መጓጓዣ መረከብ ነበረበት። የቅብብል ምሥጢሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሁሉንም ነገር አንድ ሰው እንዳይሸከመው የሚያደርገው ርቀቱ ብቻ አይደለም፣ አገሩም ይለወጣል።

ከተማዋ ከመድረስዎ በፊት ቦንጋ የምትባል ቦታ አለች፤ ይህችም የከፋዋ ቦንጋ አይደለችም። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ከቤታቸው የተነቀሉ የኡዱክ ሕዝቦች በኋላ ለዓመታት በስደት የተጠለሉት እዚህ ነበር። እንግዲህ በእኛ ስሌት ዘጠነኛው ሯጭ እዚህ አካባቢ ነው፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፏል፣ ላቡ አይደርቅም፣ ውኃ የሚለምነው በየአሥር ደቂቃው ነው። ዐሥረኛው ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ተኝቷል። የሌሊት ቅብብል የሮጡ ቡድኖች ሁሉ ይህን ያውቁታል፦ ደክሞ የደረሰ ሰው በጨለማ ውስጥ የቡድኑን ስም እየጠራ፣ ተቀባዩ ግን ጫማውን ሲፈልግ። ሰከንዶች የሚጠፉት ሩጫው ላይ ሳይሆን እዚህ መቀባበያው ላይ ነው።

ጋምቤላ ደረሱ። ከተማዋ እንዲህ ያለች መቀባበያ ነበረች፤ የተመሠረተችውም ለዚሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902) በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ስፋቱ ከ400 ሔክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ኢታንግ ሳይሆን ጋምቤላ ላይ ሆነ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ እስክትወጣ ድረስ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቋረጠው በስተቀር፣ ያች የወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት በሱዳን ሹሞች ትተዳደር ነበር። ሁለት ሺህ ሜትር ማለት የሠፈር ልጅ ሳያርፍ የሚሮጠው ርቀት ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚያች ጠባብ በር ነበር የሚወጣው።

የበሩ አሠራር ግን እኛ የምናውቀውን ቅብብል አይመስልም። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን የጋምቤላ ንግድ አጥንተው ጽፈውበታል፤ ነገሩን ሲያስቡት ይገርማል። ቡና የሚለቀመው በበጋ ነው፤ መንገዱም ለበቅሎ የሚመቸው በበጋ ነው። ባሮ ግን በበጋ ይጎድላል፤ መርከብ የሚያስገባው ክረምት ገብቶ ውኃው ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። ክረምት ደግሞ ከጎሬ የሚወርደው መንገድ ጭቃ ነው። ስለዚህ አንዱ ሯጭ ሲደርስ ሌላው ገና አልመጣም። ዱላው መጋዘን ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። አምጪው ወደ ደጋው ተመልሷል፣ ወሳጁ ካርቱም ነው፤ ሁለቱ ላይተያዩ ይችላሉ። መካከል ላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ የሚቆጥር፣ ከምስጥና ከእርጥበት የሚከላከል ሰው ባይኖር የጎሬ ገበሬም የካርቱም ነጋዴም ከንቱ ነበሩ። ጋምቤላን ለማየት የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችን ጋምቤላን «ጫፍ» አድርገን ነው የተማርናት፤ በነጋዴው ካርታ ላይ ግን መካከል ነበረች።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቅብብሉ ተገልብጦ ሮጧል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከቤልጅየም ኮንጎ የተነሡ ወታደሮች በሱዳን በኩል መጥተው ጋምቤላን ከጣሊያን አስለቀቁ፤ ከዚያም ሽቅብ ወደ ደምቢ ዶሎ ወጡ። በሐምሌ መጀመሪያ (በእኛ በሰኔ መጨረሻ) የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። ያኔ ስንቅና ጥይት በባሮ ሽቅብ መጣ።

መንገዱ ጋምቤላ ላይ አያልቅም፤ ወደ ኢታንግ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ይቀጥላል። ይህን ክፍል ሌሊት የተጓዙት ሰዎች ለስፖርት አልነበረም። በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከፈነዳ በኋላ በፓጋክና በሌሎች መግቢያዎች ብዙ ሕዝብ በእግሩ ተሻገረ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ክልሉ ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ያስጠልላል። በከተማዋ ገበያ ሲዘዋወሩ ከአኙዋክ፣ ከኑዌር፣ ከመዠንግር፣ ከኦፖና ከኮሞ፣ ከላይ ከመጣው «ደገኛ» ጋር ተደባልቀው ያገኟቸዋል። ኑዌር ለሆነ ሰው «ማሌ» ብለው ሰላምታ ቢሰጡ ፊቱ ሲፈካ ያያሉ። ልጆችዎ በዜና የሰሙትን «ስደተኛ» የሚል ቃል፣ ብስክሌት የሚነዳና ኳስ የሚያሳድድ እኩያቸው ሆኖ ቢያገኙት፣ ለጉዞው የከፈሉት ገንዘብ አልባከነም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። የሚመቸው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። አውሮፕላን አለ፤ ግን ቢያንስ አንዱን ጉዞ በመኪና ያድርጉት፤ አለዚያ የወረዱትን 1,500 ሜትር ሰውነትዎ አያውቀውም። ከመነሣትዎ በፊት ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም ያማክሩ፤ የሕፃናት መጠን የተለየ ስለሆነ በግምት አይስጡ። አጎበር ያለው ማረፊያ ይምረጡ። ባሮ ዳር የማንጎ ዛፎቹ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ የባሮ ዓሣ መብላት፣ አመሻሽ ላይ ሰው ሲታጠብና ሲጫወት ማየት ደስ ይላል፤ እርስዎና ልጆችዎ ግን ውኃው ውስጥ አይግቡ። ባሮ አዞ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ መምህር እዚሁ ሲዋኝ አዞ በልቶታል። የአካባቢው ሰው የቱ ጋ እንደሚገባ ያውቃል፤ እንግዳ አያውቅም። ረጅሙን የባሮ ድልድይ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊትም ይጠይቁ።

ሩጫውን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ለሐሳብ ትተን ማለዳውን እንውሰድ። ከተማዋ ሜዳማ ናት። የክልሉ ስፖርተኞች በአገር አቀፍ ውድድር ላይ ስማቸው የሚጠራው በረጅም ርቀት ሳይሆን በአጭር ርቀት፣ በዝላይና በውርወራ ነው፤ እንዲያውም ቅብብል ለእነርሱ የሚቀርብ ስፖርት ነው። እኛ ደግሞ ቅብብል አንችልም የሚለውን አባባል ከተውነው ቆይተናል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዴንማርክ ኦርሁስ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ተቀባብለው ለኢትዮጵያ ወርቅ አምጥተዋል።

ለቤተሰብ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ የቆየ የአንገት ልብስ ይዘው ይሂዱ፤ እንደ ጃፓኖቹ በትከሻ ላይ በሰያፍ ይታሰራል፣ ለልጅ እጅም ከዱላ ይሻላል። በከተማዋ ውስጥ መኪና የማይበዛበት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የማረፊያዎን ሰዎች ጠይቀው ይምረጡ። ውኃ በሁለቱም ጫፍ ይኑር። የሚቀበለው ሰው ቀድሞ ቦታው ላይ ይቁም፤ የሚሰጠው እስኪደርስ ወሬ አይጀምር። ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሰማዩ ሲቀላ ይጀምሩ። ትንሿ ልጅ መጀመሪያ ትሩጥ፣ ቀጥሎ ወንድሟ፣ ከዚያ እናት። አባት መጨረሻ ይሁን፤ 2 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ትበረታለችና እሷን የሚቀበላት እሱ ነው።